ከሚዛኑ ማዶ

ሟቹ ግራር ስር በጀርባው ተንጋሏል። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ የላስቲክ ጫማው ወልቆ፣ ግራና ቀኙ ተገጥሞ አጠገቡ ተቀምጧል። ቦታው ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን ካለው የጭነት መኪኖች ሚዛን ጣቢያ ጀርባ፣ ከእግር መንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። ፀሐይ ገና ብቅ ማለቷ ነበር፤ ሸሚዜ ግን ከወዲሁ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። ከደብረ ብርሃን ተዛውሬ ከመጣሁ ወዲህ ይህን ሙቀት ለመልመድ ያልሞከርኩት ነገር የለም፤ አልለመድኩትም።

«ማን አገኘው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ የጣቢያው ጥበቃ ጋሽ ለማ። ስድሳን ያለፉ፣ ረጅም፣ ትከሻቸው የጎበጠ ሰው ናቸው። ካፖርታቸውን በዚያ ሙቀት አላወለቁም። «ንጋት ላይ ዞር ዞር ስል አየሁት። አየለ ይባላል። የረድዋን ረዳት ነው፤ የሽንኩርት አይሱዙ የሚነዳው ረድዋን።»

«ሌሊቱን ጥበቃ ማን ነበር?»

«እኔው ነበርኩ። ከሌላው ጥበቃ ከኢብሮ ጋር ተራ ተቀያይረን።»

አብሮኝ የመጣው ኮንስታብል ፍቅሩ ተንበርክኮ ሬሳውን ያያል። የዚሁ የቀወት ወረዳ ልጅ ነው፤ አገሩን ጠንቅቆ ያውቃል፣ ማወቁን ደግሞ ሰው እንዲያውቅለት ይፈልጋል።

«ኢንስፔክተር፣ ይሄ ሰው የሞተው ዛሬ ንጋት ላይ ነው» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«ገላው ሙሉ ነዋ! እዚህ ያደረ ሬሳ ለጠዋት አይተርፍም። ጅቡ ሲመሽ ከወንዙ ተነስቶ እስከዚህ ድረስ ይመጣል። በቀደም የሞተች አህያ ጥለው ሄደው በማግስቱ የተገኘው ሰኮናዋ ብቻ ነው።»

የተሰበሰቡት ሰዎች በሙሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ለማም ነቀነቁ። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ስለ ቆላ ጅብ ከእነሱ ጋር አልከራከርም ብዬ ተቀበልኩ።

ነገሩ ከዚያ በኋላ ራሱን በራሱ የፈታ መሰለ። የመንገድ ዳር ሐብሐብ ሻጮች ሹፌሩ ረድዋን በንጋት ብቻውን በዚህ መንገድ ወዲያ ወዲህ ሲል አይተውታል። ትናንትም ካራቆሬ ላይ ከአየለ ጋር እየተጯጯሁ ነበር የሚል ሰው ተገኘ። ረድዋንን ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም፤ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነበር። ሬሳው በአንሶላ ተሸፍኖ ሲወጣ ሲያይ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለ። ፍቅሩ በካቴና ሲያስረው እጁን እንደ ሕፃን ሰጠው።

«ጎሮሮዎ ደርቋል፤ ውሃ ልስጥዎት» አሉኝ ጋሽ ለማ።

ከጥበቃ ቤታቸው ጣራ ማዕዘን ላይ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጀሪካን ተሰቅሏል። የጆንያው ጠርዝ በሰማያዊ ሲባጎ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ እንደ ሴት እጅ የተስተካከለ ነው። ውሃው ቀዝቅዟል። ሁለት ኩባያ ጠጣሁና አመሰገንኳቸው። እዚህ አገር ከመጣሁ እንደዚያ የጣመኝ ውሃ የለም።

* * *

ዶክተር ሜሮን ሬሳውን መርምራ ስትጨርስ እጇን እየታጠበች አነጋገረችኝ።

«ደረቱ ተጨፍልቋል። የጎን አጥንቶቹ ተሰብረዋል፣ ደሙ ግን ወደ ውስጥ ነው የፈሰሰው። ትልቅ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። መኪናም ሊሆን ይችላል።»

«መኪና እዚያ አይገባም፤ እሾህና ድንጋይ ነው።»

«እንግዲያው የምትፈልጉት ድንጋይ ነው።»

«የሞተበት ሰዓትስ?»

«ሬሳው ደርቋል። ግን በዚህ ሙቀት ቶሎ ይደርቃል። ትናንት ከሰዓት ነው ቢሉኝም፣ ዛሬ ንጋት ነው ቢሉኝም መማል አልችልም።» እጇን እያደረቀች ቀና አለች። «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሁለቱ የእግሩ አውራ ጣቶች ላይ የሲባጎ ምልክት አለ።»

«ታስሮ ነበር?»

«ታስሮ ቢሆን ቁርጭምጭሚቱ ላይ፣ እጁ ላይ ምልክት ይኖር ነበር። የለም። ጣቶቹ ላይ ብቻ ነው።»

ፍቅሩ ወዲያው «አስሮ ደብድቦታል» አለ። እኔም የተሻለ ሐሳብ ስላልነበረኝ እንዲሁ ጻፍኩት። ልንወጣ ስንል ሜሮን፣ «የሚወስደው ዘመድ መጥቷል?» ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አልመጣም ነበር።

* * *

ረድዋን ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ወንበር ስሰጠው ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሽ አየለን እኔ ልገድል?» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ግራ ገብቶት ነው የሚጠይቀው።

«ካራቆሬ ላይ ምን አጣላችሁ?»

«ዓይኑ። ሞራ ለብሶበታል። አዲስ አበባ ሐኪም ቀጥሬለት ነበር፤ በዚሁ ጉዞ ላደርሰው። ካራቆሬ ስንደርስ አልሄድም አለ። ያረጀ ዓይን ታክሞ ምን ሊያይ ነው አለኝ። እኔም ጮህኩበት። ወላሂ፣ በሕይወቴ በእሱ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው።»

ታሪኩን ቀስ እያለ አወጣው። ድሮ ሹፌሩ አየለ ነበር፤ ረድዋን ረዳቱ። ረድዋን እናት አባት አልነበረውም፤ መኪና መንዳትም፣ ጢም መላጨትም፣ ከሰው ጋር መነጋገርም ያስተማረው እሱ ነው። ዓይኑ ሲደክም አየለ መሪውን ለልጁ አስረክቦ ወደ ቀኙ ወንበር ተዛወረ። ቤት ከመቀመጥ ረዳት መሆን ይሻለኛል አለ። በዚያ ዕድሜው ጎማ ይፈታል፣ ገመድ ያስራል፣ መኪናው ወደኋላ ሲሄድ ቆርቆሮውን እየመታ ያስገባል።

«እንዴት ነው የሚያስገባው?»

«የእኔ መኪና ሳጥኑ ዝግ ነው፤ ከኋላ አይታይም። ቆርቆሮው ሁለቴ ከተመታ ና ማለት ነው። አንዴ ከተመታ ፍሬን ያዝ።»

«ታዲያ ትናንት እንዴት ተለያያችሁ?»

«እንደ ሁልጊዜው። ሚዛኑ ላይ ሹፌር ብቻ ነው የሚወጣው፣ ደንብ ነው። ረዳት ከሚዛኑ በፊት ይወርዳል፤ በጀርባ በእግሩ ዞሮ ማዶ ካለችው የማንጎ ዛፍ ስር ይጠብቃል። እሱ ሁልጊዜ ቀድሞኝ ይደርሳል። አቆምና በሩን እከፍትለታለሁ። ሲገባ ‹ዛሬስ ስንት ወፈርክ?› ይለኛል። ሚዛኑ ያወጣውን እነግረዋለሁ። ‹ቀንስ አንተ፣ መንገዱ አዘነብህ› ይላል። ሁልጊዜ ይችን ነው የሚቀልዳት። ትናንት በሩን ከፈትኩ፤ ማንጎዋ ስር የለም።»

ብዙ ጠብቆ፣ ሙቀቱ አድክሞት በባጃጅ ቀድሞ ሮቢት ገብቶ ይሆናል ብሎ ተከተለ። አልቤርጎዎቹን አዳረሰ፤ አጣው። መኪናው ውስጥ አድሮ በንጋት ሊፈልገው ተመለሰ። ያዩት ሰዎች ያዩት ያኔ ነው።

«ሚዛኑ ላይ ችግር አልነበረም?»

«የኋላው ከብዶ ነበር። ግቢ ገብቼ አስተካከልኩና አለፍኩ።»

እስከዚያ ድረስ ፊት ለፊት እያየኝ ነበር። ይህን ሲል ግን ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው አወረደ። ውሸት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ብዙ ዓመት ተከፍሎኛል፤ ይህ ውሸት ነበር።

«ረድዋን፣ ነገሩ ነፍስ ማጥፋት ነው። ዕድሜህን በሙሉ ወህኒ ልትቀር ትችላለህ።»

«ገብቶኛል።» አንገቱን ቀና አደረገ። «እትዬ፣ እሱን ማን ይቀብረዋል? ከእኔ ሌላ ሰው የለውም። እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት አላውቅም። ጠይቄ አስቀብረዋለሁ። ከዚያ እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ።»

ማታ የተከራየኋት አንድ ክፍል ገብቼ የጠዋቱን ሽሮ ቀዝቃዛውን በላሁ። እኔም ብሞት አስቀብራለሁ ብሎ የሚለምን ሰው ማን ይሆን ብዬ አሰብኩ። ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ ስሜን የሚያውቁት እንኳን ጥቂት ናቸው።

* * *

በማግስቱ የሚዛኑ ሠራተኛ ኑርሃንን አነጋገርኳት። በመስታወት ክፍሏ ውስጥ፣ በማይረባ ማራገቢያ ፊት ተቀምጣለች።

«አስታውሰዋለሁ። ጠቅላላ ክብደቱ ልክ ነበር፤ የኋላው ግን ከልክ አልፏል። ወደ ማስተካከያው ግቢ ላክሁት።»

«ጠቅላላው ልክ ከሆነ ምን ችግር አለው?»

«ሸክሙ አንድ ጎማ ላይ ካረፈ አስፋልቱን ያርሰዋል። ጆንያዎቹን ወደፊት አዛውሮ፣ ተመልሶ እኔ ጋ ሚዛን ላይ መውጣት ግዴታው ነው።»

«ተመልሶ ወጣ?»

«አስር ደርሶ ልሰግድ ወጣሁ። ስመለስ ተረኛ ተቀይሯል። አላየሁም።»

ማስተካከያው ግቢ ከክፍሏ ጀርባ ነው፤ ግድግዳው ከልሎታል። ዳር ላይ መኪኖች ወደኋላ ሲሄዱ እንዳያልፉ ቢጫ የተቀባ የሲሚንቶ ምሰሶ ቆሟል። ከምሰሶው ኋላ ረዳቶች የሚዞሩበት የእግር መንገድ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ እዚያ ላይ ስለሚያርፍ ሰው አይቆምበትም።

«ካሚልን ጠይቂው» አለችኝ ኑርሃን ልወጣ ስል። «ከልክ ያለፈውን ጆንያ ከሚዛኑ በፊት አውርዶ በጋሪ በጀርባ ለሹፌሮቹ የሚያሻግርላቸው እሱ ነው። ከአየለ ጋር ሁልጊዜ እንደተነታረኩ ነው።»

ካሚልን አህያውን ሲያጠጣ አገኘነው።

«ተነታርከናል፣ ምን ይዋሻል!» አለ። «አህያህን አትምታ እያለ ያዋርደኛል። ደግሞ ትርፍ ጆንያ ስታሻግር የመንግሥትን መንገድ ታስበላለህ ይለኛል። አንዴማ ጋሪዬን ገለበጠው።»

«ትናንት ንጋት ላይ የት ነበርክ?»

«ካራቆሬ፤ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ። ከዋዜማው አመሻሽ ጀምሮ እስከ ትናንት እኩለ ቀን። መንደሩን በሙሉ ጠይቂ፤ ሳልዘፍን የቀረሁበት ሰዓት የለም።»

ፍቅሩ ስልክ ደውሎ አረጋገጠ። የካራቆሬ ሰዎች ካሚል ሲዘፍን ማስታወሳቸው ብቻ ሳይሆን መማረራቸውም ተሰማ።

ካሚል ባልዲውን አንስቶ ሊሄድ ሲል ዞር አለ። «ወደ ሰርጉ ስንሄድ፣ ሊመሽ ሲል፣ ግራሩ ጋ እሳት ነበር። ከሰል የሚያከስሉ ናቸው ብለን አለፍን።»

«ከመገደሉ በፊት በነበረው ማታ?»

«አዎ። ሬሳው በንጋታው አይደል የተገኘው?»

ግራሩ ስር ተመልሰን ሄድን። ሬሳው ከነበረበት ትንሽ ፈንጠር ብሎ አፈሩ አዲስ የተገለበጠ ይመስላል። በእግሬ ገለጥኩት፤ አመድ ነው። አንድ ሰው ጥሩ እሳት አንድዶ፣ ብዙ እንጨት ማግዶ፣ ጠዋት በአፈር ሸፍኖታል። አጠገቡ ለመቀመጫ የተስተካከለ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ።

«የከሰል እሳት አይደለም» አለ ፍቅሩ። «የእረኛ፣ የጠባቂ እሳት ነው። እንዲህ አድርገው የሚያነዱት…»

«ለምንድን ነው የሚያነዱት?»

ወደ አመዱ ጎንበስ አለ። «ጅብ ለማባረር» አለ ቀስ ብሎ።

እንግዲህ ሬሳው አድሯል። ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ጠብቆታል። በንጋት ስለተገደለ ሰው ያልነው ሁሉ ውኃ በላው። አየለ የሞተው ሬሳው ከመገኘቱ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ገና በቀን።

ይሁን እንጂ ይህ ረድዋንን ነፃ አያወጣውም ነበር። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ከአየለ ጋር የነበረው እሱ ነው። የዋሸኝም እሱ ነው።

* * *

መኪናውን በፖሊስ ታጅቦ ረድዋን ራሱ ነድቶ ወደ ሚዛኑ አመጣው። ሽንኩርቱ መሽተት ጀምሯል። ኑርሃን የሚዛኑን ስክሪን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«የኋላው ያኔ እንደነበረ ነው። አንድም ጆንያ አልተነካም።»

«ኢንስፔክተር፣ ይህን ይዩት!» ፍቅሩ ከኋላ ተጣራ። ከሳጥኑ በታች ያለው ብረት ተፍቆ ቢጫ ቀለም ይዟል።

ረድዋንን አስወረድኩት፤ ፍቅሩ ካቴናውን መልሶ አደረገለት።

«አስተካከልኩ ብለኸኝ ነበር።»

ፊቱ ላይ ላቡ ወረደ። «ሳላስተካክል ነው ያለፍኩት። ይህን ከተናገርኩ ባለንብረቱ ያባርረኛል፣ መንጃ ፈቃዴም ይያዛል ብዬ ነው።»

«ማን አሳለፈህ?»

«ጥበቃው፣ ጋሽ ለማ። ግቢው ውስጥ ወደኋላ ስገባ ቆርቆሮውን እየመቱ ያስገቡኝ እሳቸው ነበሩ። ምሰሶውን ነካሁት መሰለኝ፣ ግጭት ተሰማኝ። ‹ነካሁ እንዴ?› ብዬ ጮህኩ። ‹ምሰሶውን ነው፤ ወደፊት ሳበው፣ ሂድ፣ ዛሬ ይለፍህ› አሉኝ። ብቻዬን ስለሆንኩ አዝነውልኝ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፣ ወጣሁ።»

«አየለ ያኔ የት ነበር?»

«በመንገዱ እየዞረ ነዋ! እንደ ሁልጊዜው።»

እየተናገረ ወደ መኪናው ኋላ ዞረ፤ ቆመ። ከብረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ባዶ የሽቦ መንጠቆ በጣቱ ያዘው።

«የጋሽ አየለ ጀሪካንስ?» አለ። «እባካችሁ፣ እሱን እንኳን ስጡኝ። በጆንያ የጠቀለለው ነው። ዓይኑ ሳይደክም በፊት፣ በሰማያዊ ሲባጎ ራሱ የሰፋው።»

የጠጣሁት ውሃ ትዝ አለኝ፤ የቅዝቃዜው፣ የጣዕሙ።

ከዚያ የአየለ አውራ ጣቶች ትዝ አሉኝ። እናቴ ስታርፍ ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ጎረቤታችን ሮጣ ገብታ ያዘዘችኝ የመጀመሪያ ነገር፣ ሳትደርቅ አውራ ጣቶቿን እሰሪ የሚል ነበር። እግሩ እንዳይከፋፈት፣ ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ። ይህን የሚያደርግ ሰው ለሟቹ ያዘነ ሰው ነው። እኔ ግን ፖሊስነቱ አናቴ ላይ ወጥቶ ሲባጎ ሳይ እስረኛ ብቻ ታየኝ።

«ፍቅሩ፣ ከረድዋን ጋር እዚሁ ቆይ» አልኩ።

* * *

ጋሽ ለማ ከጥበቃ ቤቱ ደጃፍ ጀሪካኑን አውርደው ጆንያው ላይ ውሃ እያርከፈከፉ ነበር። ሲያዩኝ አላቆሙም።

«ይህ የአየለ ነው» አልኳቸው።

«አዎ።»

«ለምን ያዙት?»

«ጆንያው እንዳይደርቅ።» ጣሳውን አስቀመጡ። «ከደረቀ ውሃው ይሞቃል። ሞቅ ያለ ውሃ አይወድም ነበር።»

አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እንደመጣሁ ገብቷቸዋል፤ እኔም አልተቻኮልኩም።

«በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚያልፈው» አሉ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቁም ነገር የምጫወተው ከእሱ ጋር ብቻ ነው። ግራሩ ስር ትንሽ አረፍ እንላለን፤ ‹ልጁ ማንጎዋ ጋ ሳይደርስ ልሂድ› ይልና ይሄዳል። ያን ቀን በደንብ ሳናወራ ነው ያለፈው። ውሃ ጠማኝ አለ፤ ጀሪካኑን መኪናው ላይ ረስቶታል። እንግዲህ ወደ ማዶ ሄዷል ብዬ ነበር እኔ። ረድዋን ግቢ ሲገባ አስገቢ የለውም፣ ላግዘው ብዬ በሹፌሩ በኩል ቆምኩ። ሁለቴ መታሁ። ና አልኩት።»

«አየለስ?»

«በወዲያኛው በኩል ከመንገዱ ገብቶ፣ ከምሰሶውና ከመኪናው መሃል አጎንብሶ ጀሪካኑን እየፈታ። እኔ አላየሁት፣ እሱም በዚያ ዓይኑ መኪናው ወደ እሱ መምጣቱን አላየ። ድምፅ ስሰማ አንዴ መታሁ። ምን ዋጋ አለው!»

ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ።

«ዞሬ ስደርስ ምሰሶው ላይ ተጣብቋል። ልጁ ከጋቢናው ‹ነካሁ እንዴ?› ይላል። ልነግረው አፌን ስከፍት አየለ እጁን አነሳ። እንዲህ አድርጎ። ‹አትንገረው› አለኝ። ‹ለማ ሙት፣ ለልጁ አትንገረው። ሁለተኛ መሪ አይዝም።› ምን ላድርግ? ሂድ አልኩት። መኪናው ወጣ። ከንፈሩ ላይ ውሃ ባደርግለት አልዋጠውም።»

«ሐኪም ቤት…»

«መኪና እስክጠራ አልቆየም፤ እጄ ላይ ነው ያረፈው። ተሸክሜ ወደ ግራራችን ወሰድኩት። ምንም አይመዝንም ነበር፣ ልጄ። ስንት ዘመን ሙሉ ሚዛን እየሸሸ በእግሩ የዞረ ሰውዬ፣ ምንም አይመዝንም። ሙቀት ገደለው ይሉታል፣ ይቀበራል፣ ልጁም ሳያውቅ ይኖራል ብዬ አሰብኩ። ለጅብ ግን መተው አልቻልኩም። ከኢብሮ ጋር ተራ ተቀይሬ አብሬው አደርኩ። ጣቶቹን አሰርኩለት፤ ጠዋት ሰው ከመጥራቴ በፊት ፈታሁት።»

«ረድዋን ሲታሰር ግን ዝም አሉ።»

«ቃሌ ነው ያሰረኝ። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል…» ድንገት እጄን ያዙት። እስከዚያ ሲያከብሩኝ የነበሩት ሰውዬ እንደ ልጃቸው አንቺ አሉኝ። «አንቺ እባክሽ፣ እኔ ገደልኩት ብለሽ ጻፊ። ተጣልተን በድንጋይ መታሁት። እፈርማለሁ። ልጁ ይፈታል፣ ሳያውቅም ይኖራል። እኔ ወህኒ ብገባ የሚጎዳ ሰው የለኝም።»

ዋሽቼ ላውጣው የሚል ሐሳብ አልመጣብኝም ብል እዋሻለሁ። መጥቶብኛል። ለአንድ አፍታ ከልቤ ፈልጌው ነበር። ግን ረድዋን ዕድሜ ልኩን እንደ አባት ያሳደገውን ሰው በድንጋይ የገደለው ገዛ ወዳጁ ነው ብሎ ሲጠላ ታየኝ፤ አየለ ሲሞት ስለ እሱ መለመኑን ሳይሰማ። ያንን ከእሱ የመቀማት መብት አልነበረኝም።

«አልጽፍም፣ ጋሽ ለማ» አልኳቸው። «ጀሪካኑን ይስጡኝ።»

* * *

ረድዋን ግቢው ውስጥ ምሰሶው አጠገብ ቆሞ ነበር። ጀሪካኑን ስሰጠው በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ካቴናውን እንዲፈታለት ለፍቅሩ ምልክት ሰጠሁና ሁሉንም ነገርኩት፤ ማን እንደመታ፣ ማን እንዳጎነበሰ፣ ምሰሶውን የነካ መስሎት የነካው ምን እንደነበረ። ቃል ለማለዘብ አልሞከርኩም፤ የሚለዝብ ቃል የለውም።

ረድዋን ብረቱ ላይ ያለውን ቢጫ ቀለም በአውራ ጣቱ ፋቀ፣ ደግሞ ፋቀ።

«ውሃውን ሊወስድ ነው?» አለ።

«አዎ።»

«ድሮ ጎኑ ላይ ነበር የሚሰቀለው። ኋላ ጥላ ስለሆነ ይቀዘቅዝለታል ብዬ እኔ ነኝ ያዛወርኩት።»

የአየለን የመጨረሻ ቃል ነገርኩት፤ ለልጁ አትንገረው ማለቱን፣ ሁለተኛ መሪ አይዝም ብሎ መፍራቱን። ያኔ ጀሪካኑን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ተንበረከከ፤ አለቀሰ። ፍቅሩ፣ ያ አፉ የማያርፍ ልጅ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጉዳዩ ወደ መኪና አደጋ ተቀየረና ረድዋን በዋስ ወጣ። ጋሽ ለማ ሬሳ በመደበቅና ሐሰት በመናገር ተጠየቁ። ለቀብሩ አጅቤ ይዣቸው ሄድኩ። ሥርዓቱን የሚያውቁት እሳቸው ስለነበሩ ካህናቱን ያነጋገሩት እሳቸው ናቸው። ረድዋን ጉድጓዱን ከሚቆፍሩት ጋር ቆፈረ። ሲያልቅ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ ሲነጋገሩ ግን አላየሁም። ከእነሱና ከእኔ ሌላ ለቀስተኛ አልነበረም።

ከወራት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ሚዛን ጣቢያው ሄጄ፣ ጨርሼ ከማዶ ማንጎዋ አጠገብ ባጃጅ እጠብቃለሁ። የረድዋን መኪና ከሩቅ ብቅ አለ። መሪውን ይዟል፤ ሁለተኛ አይዝም ብሎ የፈራው ሰውዬ ይህን ባየ አልኩ። ረዳት ግን አልቀጠረም። ብቻውን ሚዛኑ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ አለፈ። አላየኝም። ማንጎዋ ጋ ሲደርስ ጥግ ይዞ አቆመና በቀኝ በኩል ያለውን በር ከፈተ። ጀሪካኑ በባዶው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጆንያው ርሷል። ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ። ከዚያ ሚዛኑ ያወጣውን ክብደት፣ ሰው እንደጠየቀው ሁሉ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጥላው ተናገረ። ዘንበል ብሎ በሩን ራሱ ዘጋውና ሄደ።